«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እና ቡናማ የለበሰችው ወይዘሮ

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ስንል፣ አንዴ የተነገረ ነገር አይመለስም፣ ተናጋሪው ካሰበው በላይ ይዛመታል ማለታችን ነው። ምስሉ የደጋ ነው። አፋፍ ላይ ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ማዶ ድረስ ይሰማል፤ እነማን እንደሰሙት ግን አያውቅም። ብዙ ጊዜ ይህን የምንለው ምስጢር ላባከነ ሰው ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው በሞተ ሰው ላይ ለሚወራ ሐሜት ነው። ሟች ማስተባበያ የለውም።

እንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ ውስጥ፣ ሬይንሃም ሆል የሚባል የታውንሼንድ ቤተሰብ ትልቅ ቤት አለ። ዶሮቲ ዋልፖል እዚያ የገባችው በ1713 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ቻርልስ ታውንሼንድን አግብታ ነው። የመጀመሪያው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባለው የሮበርት ዋልፖል እህት ነበረች። በ1726 ፈንጣጣ ገደላት። 40 ዓመት እንኳ አልሞላትም።

ሰው ግን በዚህ አልተወላትም። ከሌላ ወንድ ጋር ትሄድ ነበር ተባለ። ባሏ ክፍል ቆልፎባት ነበር ተባለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ከደረጃ ተገፍትራ ነው የሞተችው የሚል ተጨመረ። ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1835 ገና ሰሞን፣ አንድ የቤቱ እንግዳ ቡናማ ቀሚስ የለበሰች፣ ዓይኖቿ ባዶ ጉድጓድ የሆኑ ሴት አየሁ አለ። ፍሬድሪክ ማርያት የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ደግሞ ሽጉጥ ተኩሶባታል ይባላል። ይህን የጻፈችው ልጁ ናት፤ እሱ ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይታ፣ በ1891።

በ1936 ሁለት ፎቶ አንሺዎች የቤቱን ደረጃ ሲያነሱ ነጭ ጥላ የመሰለ ነገር ፎቶው ላይ ወጣ። ከንትሪ ላይፍ መጽሔት በታኅሣሥ አተመው። ካሜራው ውስጥ ብርሃን ገብቶ ነው ያሉ አሉ፣ ሁለት ምስል ተደራርቦ ነው ያሉም አሉ። ማን ይስማቸው! ፎቶው ዓለምን ዞረ።

ወሬው ባሏንም አልማረም። በታሪክ ታውንሼንድ የሚታወቀው ተርኒፕ የተባለውን ሥራ ሥር በሰብል ፈረቃ እንዲዘራ በማስፋፋቱ ነው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያው መጣ። በሙት መንፈስ ተረቱ ግን ሚስቱን ያሰረ ጨካኝ ነው። ለዶሮቲ የተመዘገበው የሞት ምክንያት ፈንጣጣ ነው።