የማሊያ የምርት ኮድ ምንድን ነው?

የድሮ ማሊያ ሰብሳቢ ማሊያ እጁ ሲገባ አርማውን ከማየቱ በፊት ይገለብጠዋል። በግራ ጎን ስፌት ወደ ታች ሲል የአስተጣጠብ መመሪያ የያዙ ነጫጭ ሌብሎች ተደራርበው ተሰፍተዋል። ከእነሱ መሃል በትንሹ ሌብል ላይ፣ አንዳንዴም ከሁሉም ኋላ ተደብቆ፣ አጭር የቁጥር ወይም የፊደልና የቁጥር ጽሑፍ ይገኛል። የምርት ኮድ የሚባለው ይህ ነው።

ኮዱ አምራቹ ለእያንዳንዱ የማሊያ ዓይነት የሚሰጠው መለያ ነው። የሜዳና ከሜዳ ውጪ የሚለበሱት፣ የልጅና የአዋቂ፣ እጀ ጉርድና እጀ ሙሉ፣ ሁሉም የየራሳቸው ኮድ አላቸው። ኤም ወይም ኤል መሆኑ ግን ኮዱን አይለውጠውም።

የናይኪ ኮድ ለረጅም ጊዜ ስድስት ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ሦስት ቁጥር ነበር። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የቀለም ቁጥሮች ናቸው፤ ከሦስቱም የመጀመሪያው ዋናውን ቀለም ይናገራል። 0 ጥቁርና ግራጫ፣ 1 ነጭ፣ 3 አረንጓዴ፣ 4 ሰማያዊ፣ 6 ቀይ፣ 7 ቢጫ፣ 8 ብርቱካናማ ነው። ስለዚህ ቢጫ የብራዚል ማሊያ ላይ ከሰረዙ በኋላ በ4 የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ፣ ሌብሉ የሌላ ማሊያ ሌብል ነው። ባለብዙ ቀለም ማሊያ ላይ ግን ይህን ፍተሻ ብቻውን አትመኑት፤ የትኛው ቀለም እንደ ዋና እንደተቆጠረ ከውጭ አይታወቅም። አዲዳስ በ2000ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስድስት ቁጥር ይጠቀም ነበር፤ በኋላ አንድ ፊደልና አምስት ቁጥር፣ ቀጥሎም ሁለት ፊደልና አራት ቁጥር ሆነ።

ፍተሻው ቀላል ነው። የአምራቹን ስምና ኮዱን ጉግል ላይ ጽፋችሁ ምስሎቹን ተመልከቱ። የሚመጣው ማሊያ በክለብ፣ በዓመትና በቀለም እጃችሁ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ለምሳሌ አርሰናል በ2005-06፣ በቀድሞ ስታዲየሙ በሃይበሪ የመጨረሻ ዓመቱ፣ የለበሰውን የናይኪ ማሊያ እንውሰድ። ቀለሙ ደማቅ ቀይ ሳይሆን ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥቁር ቀይ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለው የስፖንሰሩ የኦቱ (O2) ጽሑፍም ወርቃማ ነው። ኮዱን ስትፈልጉ ነጭ እጅጌ ያለው ቀይ ማሊያ ወይም ጭራሽ የሌላ ክለብ ማሊያ ከመጣ፣ ማሊያው ፎርጅድ ነው። ፎርጅድ ሠሪዎች አንድ ሌብል በብዛት አሳትመው በሁሉም ቡድን ማሊያ ላይ ስለሚሰፉት፣ በዚህ ፍተሻ የሚወድቀው ብዙ ነው።

ኮዱ ሲገጥም ግን ጉዳዩ አላለቀም። እውነተኛ ሌብል ፎቶ አንስቶ ኮዱን ከነምኑ መቅዳት ከባድ ሥራ አይደለምና፣ ትክክለኛ ኮድ ያለው ፎርጅድ ሞልቷል። ያልገጠመ ኮድ ማሊያውን ይጥለዋል፤ የገጠመ ኮድ ግን ወደሚቀጥለው ፍተሻ ያሳልፈዋል እንጂ ኦሪጅናል ነው አያሰኘውም። ቀጥሎ የሕትመቱን ጥራት እዩ፤ ትናንሾቹ ፊደሎች ተጣብቀው ወይም ቀለማቸው ተንዘላዝሎ ከሆነ ጥርጣሬ ይገባል። ሌብሉ ላይ የምርት ወርና ዓመት ካለም አገናዝቡ። ለ2005-06 የወጣ ማሊያ 2010 ሊል አይችልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ማሊያዎች ላይ ነው። የምርት ኮድ በሌብል ላይ የተለመደው ወደ 2000 ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ማሊያ ኮድ ባይኖረው ፎርጅድ አያሰኘውም። እንዲያውም ነገሩ ይገለበጣል። አርሰናል በ1991-93 ከሜዳው ውጪ የለበሰውን፣ የስፖንሰሩ የጄቪሲ (JVC) ስም የተጻፈበትን ቢጫ የአዲዳስ ማሊያ አስቡ። ሌብሉ ላይ ሁለት ፊደልና አራት ቁጥር ከተገኘ የዚያ ዘመን ማሊያ አይደለም። አዲዳስ ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ሬትሮ ብሎ ደግሞ ያወጣው ሊሆን ይችላል፤ ፎርጅድም ሊሆን ይችላል። ሬትሮው ሕጋዊ ዕቃ ነው፣ መልበሱም ደስ ይላል፤ የ1991 ኦሪጅናል ነው ተብሎ በዚያው ዋጋ ሲሸጥ ግን ማጭበርበር ነው።

ጉግል ምንም ሳያመጣ ሲቀር ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። የ2000ዎቹ መጀመሪያ ማሊያዎች ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ ከነኮዳቸው አልተመዘገቡም። ሰረዙን አውጥታችሁ፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቁጥሮች ብቻ ጽፋችሁ ሞክሩ። ሌብሉ ተቆርጦ ከሆነም ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም፤ ቆዳ ስለሚያሳክክ ብዙ ሰው ይቆርጠዋል። ማስረጃው ስለጎደለ ግን ዋጋው መቀነስ አለበት። በርቀት ስትገዙ የአንገቱን ሌብል፣ የጎኑን ሌብሎች በሙሉ አንድ በአንድ ገልጦ፣ የአርማውንም ጀርባ ከውስጥ በቅርብ አንስቶ እንዲልክላችሁ ሻጩን ጠይቁ። የፊቱን ፎቶ ብቻ ደጋግሞ ለሚልክ ሻጭ ቀብድ አትክፈሉ።