የቀጨኔ ጥቁር ሸክላና የሩቅ ዘመዶቹ

ቀጨኔ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ ሰፈር ነው። የሚታወቀው በሸክላ ነው። ሠሪዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ሙያውን ከእናታቸው ይማሩታል።

መሽከርከሪያ የለም። ጭቃውን በእጅ ያቆሙታል፤ ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ድንጋይ እያሹ ያወዙታል። ከዚያ እሳት ነው። ጀበናው ፍም መስሎ ሲወጣ ቅጠል ወይም ገለባ ውስጥ ይከቱታል። ጭሱ ታፍኖ ወደ ሸክላው ይሰርጋል፣ ቀዩ ይጠቁራል። ቀለም አልነካውም። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት አንዱ ጎኑ ጥቁር ወዛም ነው፣ ሌላው ወደ ቡናማ ያደላል። ከአንድ እጅ የወጡ ሁለት ጀበናዎች እንኳን አንድ አይሆኑም።

ይህን ውበት ሌሎችም በየፊናቸው አግኝተውታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓናዊው ቾጂሮ ለሻይ ሥርዓት መምህሩ ለሴን ኖ ሪኪዩ ጽዋ ሠራ። ራኩ ይባላል። እሱም ያለ መሽከርከሪያ በእጅ የሚበጅ ነው፤ ጥቁሩ ዓይነት እንደጋለ ከእሳት ይወጣል። በ1960 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ደግሞ አሜሪካዊው ፖል ሶልድነር ከራኩ ተነስቶ የጋለ ዕቃ ቅጠል ውስጥ ማጨስ ጀመረ። የቀጨኔ እናቶች ቢያዩት የገዛ ሥራቸውን ባወቁት ነበር።

ሐሳቡም ተገናኝቷል። እንግሊዛዊው የዕደ ጥበብ ሰው ዊሊያም ሞሪስ በ1880 ባደረገው ንግግር፣ ቤት ውስጥ የሚጠቅም ወይም የሚያምር ነገር ብቻ ይኑር ብሎ ነበር። በ1920 ጃፓናዊው ሐማዳ ሾጂ ከእንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ከበርናርድ ሊች ጋር እንግሊዝ አገር ሴንት አይቭስ ላይ የሸክላ ቤት አቆሙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሐማዳ፣ ያናጊ ሶዬትሱና ካዋይ ካንጂሮ «ሚንጌይ» የሚለውን ቃል ፈጠሩ፤ የተራው ሕዝብ ዕደ ጥበብ ማለት ነው። ስሙ የማይታወቅ ሰው ለዕለት ሥራ ያበጀው ዕቃ ያምራል አሉ። ያናጊ በ1936 ለእንዲህ ያለው ዕቃ ቶኪዮ ውስጥ ሙዚየም ከፈተለት።

እኛ ጋ ግን ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» እየተባለ ለዘመናት ሲገለል ኖሯል። ያው እጅ እዚያ ሲከበር እዚህ ስድብ መሸከሙ ያንገበግበኛል።

ሚንጌይ ዕቃ ሲገለገሉበት ያምራል ይላል። እኛም ማሟሸት የሚል ቃል አለን። ምጣድ በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራው ይጣበቃል። አዲስ ጀበናም ካልተሟሸ ቡናው አፈር አፈር ይላል። ዓመት ሲያገለግል ሆዱ ቡናውን ይጠጣል፣ መያዣው በእጅ ወዝ ይለሰልሳል። ጃፓን ውስጥም የሻይ ጽዋ ሻዩን እየጠጣ መልኩ ይለወጣል፤ ባለቤቶቹ ይህንኑ ይወዱለታል።