«የሞት ቅጣት» ምንድን ነው? የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል አንድ ጊዜ ብቻ የመዘዘው ሰይፍ

በአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት «የሞት ቅጣት» ሲባል የሚሞት ሰው የለም። የሚሞተው ቡድኑ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ከባድ ጥፋት ፈጽሞ ከተቀጣ በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላው ሌላ ከባድ ጥፋት ከደገመ፣ የዚያ ስፖርት ቡድኑ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ከናካቴው እንዳይጫወት ሊታገድ ይችላል። ጨዋታ የለም፣ ትኬት የለም፣ የቴሌቪዥን ገንዘብ የለም። በደንቡ ላይ የሰፈረው ስሙ ሌላ ነው፤ ስለ ደጋጋሚ አጥፊዎች የወጣ አንቀጽ ነው የሚባለው። «የሞት ቅጣት» የሚለውን ያወጡለት ጋዜጠኞችና ደጋፊዎች ናቸው፤ ኋላ የደረሰውን ያየ ሰው ስሙ በዛበት አይልም።

ይህን ቃል ባነሣሁ ቁጥር አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ሰይፉ በትልቁ የኮሌጅ ፉትቦል ላይ የተመዘዘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ለተጫዋቾች ብር በመስጠት ጥፋት ነው። ሕፃናት ሲደፈሩ ዝም ያሉ፣ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴት ተማሪዎች አፍ ያስያዙ ሰዎች የነበሩባቸው ቡድኖች ግን አንድም የቅዳሜ ጨዋታ ሳያመልጣቸው ሲጫወቱ ኖረዋል።

ፉትቦል ስል የኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም፤ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ለብሰው የሚጋጩበትን፣ እንቁላል የመሰለ ኳስ የሚይዙበትን የአሜሪካኖቹን ነው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ያለው ደግሞ የተማሪዎች መዝናኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፔን ስቴት በሚባለው የፔንሲልቬኒያ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ያለው ቢቨር ስታዲየም ከ106 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚበላው አገረ ገዢው አይደለም፤ የኮሌጅ ፉትቦል ወይም የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ሆኖ ደንብ የሚያወጣውና የሚቀጣው ኤንሲኤኤ የተባለው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ነው። ማኅበሩ የመንግሥት አካል አይደለም፤ ሰው አስሮ መመርመር፣ ሰነድ በግድ ማስወጣት አይችልም። አባላቱ ራሳቸው ዩኒቨርሲቲዎቹ ናቸው። ተቀጪውም ቀጪውም ከአንድ ቤት መውጣታቸውን ያዙልኝ፤ (ዓመቶቹንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሰይፉ ያረፈበት ዩኒቨርሲቲ ዳላስ፣ ቴክሳስ ያለው ሳውዘርን ሜተዲስት ነው፤ በአጭሩ ኤስኤምዩ። የሜተዲስት ቤተ ክርስቲያን የመሠረተችው፣ የሀብታም ልጆች የሚማሩበት ትንሽ ዩኒቨርሲቲ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቡድኑ ከአገሪቱ ምርጦች አንዱ ሆነ፤ በ1982 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዓመቱን ጨረሰ። ከኋላው ግን ቡስተር የሚባሉ ባለጸጋ ደጋፊዎች ነበሩ፤ ጎበዝ ልጅ ለማስፈረም ለቤተሰቡ ጥሬ ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ከፈረመ በኋላም የወር ተቆራጭ ያደርጉለታል። ደንቡ ይህን አጥብቆ ይከለክል ነበር። በቴክሳስ ይህን ያደረገው ኤስኤምዩ ብቻ አልነበረም፤ ኤስኤምዩ ግን በየጊዜው እየተያዘ እየተቀጣ በ1985 ደግሞ ከባድ ቅጣት ደረሰው። በዚያው ዓመት ነው ማኅበሩ የደጋጋሚ አጥፊ ደንቡን ያጸደቀው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንደሚባለው፣ በኖቬምበር 1986 የዳላሱ ቻናል 8 ጋዜጠኛ ዴል ሃንሰን የቀድሞ ተጫዋቹን ዴቪድ ስታንሊን ይዞ ብቅ አለ። ልጁ ለመፈረም 25 ሺህ ዶላር እንደተሰጠው፣ ከዚያም በኋላ በየወሩ ገንዘብ ወደ ቤቱ እንደሚላክ ተናገረ። ሃንሰን ገንዘብ ተልኮበታል የተባለ አንድ ፖስታ ለቡድኑ ኃላፊዎች አውጥቶ አሳያቸው፤ ተጫዋች መልማዩ መጀመሪያ ጽሑፉ የእሱ መሆኑን አመነ፣ ወዲያው ደግሞ ካደ። ምርመራው ሲጠናቀቅ አሥራ ሦስት ተጫዋቾች ከሴፕቴምበር 1985 እስከ ዲሴምበር 1986 ባለው ጊዜ በድምሩ ወደ 61 ሺህ ዶላር እንደተከፈላቸው ተረጋገጠ፤ ለአንድ ልጅ በወር ከ50 እስከ 725 ዶላር። በፌብሩዋሪ 1987 የዚያ ዓመት ጨዋታ በሙሉ ተሰረዘ። ለ1988 ከሜዳው ውጪ ብቻ እንዲጫወት ተፈቅዶለት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ግን የሚሰለፍ ቡድን ስላልቀረው ራሱ ሰረዘው። የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች አሰልጣኞች ካምፓሱን ወረው ልጆቹን እየመረጡ ወሰዷቸው።

አሁን የሚያሳዝነውን ልንገራችሁ። ክፍያው ከ1985ቱ ቅጣት በኋላ እንዲቀጥል የፈቀደው ማን ነበር? የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ሰብሳቢ ቢል ክሌመንትስ፣ ያውም በ1987 መጀመሪያ የቴክሳስ አገረ ገዢ ሆነው ቃለ መሐላ የፈጸሙት ሰው። በማርች ራሳቸው አመኑ፤ ቃል የተገባላቸው ልጆች እስኪወጡ ይቀጥል፣ ቀስ በቀስ ይቁም ብለው ከጥቂት የቦርድ አባላት ጋር ተስማምተው ነበር። የሜተዲስት ጳጳሳት ኮሚቴ አቋቁመው ነገሩን መረመሩ። ክሌመንትስ ግን የሥራ ዘመናቸውን እስከ 1991 ጨርሰው በሰላም ወረዱ። ቡድኑ በ1989 ሲመለስ አብዛኞቹ ተጫዋቾቹ ገና አዲስ ገቢዎች ነበሩ፤ በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ 95 ለ21 ተሸነፉ። እነዚያ ልጆች ብሩ ሲታደል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ከ1989 እስከ 2008 ባሉት ሃያ ዓመታት ኤስኤምዩ ከተሸነፈው በላይ ያሸነፈበት ዓመት አንድ ብቻ ነው፣ 1997። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ አይደለም ትላላችሁ?

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ራሱ ደነገጠ። አንድ የዩኒቨርሲቲ መሪ ቅጣቱን ከኒውክሌር ቦምብ ጋር አመሳስለውታል፤ ውጤቱ እጅግ ስለሚያስፈራ ማንም ደግሞ ሊተኩሰው አይደፍርም ለማለት ነው። በሌሎች አነስተኛ ስፖርቶች ላይ ወርዶ ያውቃል፤ በ2000ዎቹ የሞርሃውስ ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን ታግዶበታል። በትልቁ ፉትቦል ላይ ግን ተሰቅሎ ቀረ።

ይህን ካወቅን ወደ ፔን ስቴት እንሂድ፤ እኔ ሳነበው እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። ጄሪ ሳንደስኪ ለብዙ ዓመታት ረዳት አሰልጣኝ ነበር። በ1977 ችግረኛ ሕፃናትን እረዳለሁ ብሎ ድርጅት አቋቋመ፤ ያጠቃቸውን ልጆች ያገኛቸው በዚያ በኩል ነው። በ1998 አንዲት እናት ከስሳ ፖሊስ መረመረው፣ ክስ ሳይመሠረት ቀረ። በ1999 ጡረታ ሲወጣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቢሮና ወደ ስፖርት ሕንጻዎቹ መግቢያ ተተወለት። በ2000 የጽዳት ሠራተኞች በገላ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ከሕፃን ጋር አዩት፤ ብንናገር ከሥራ እንባረራለን ብለው ፈሩ። ፉትቦሉ ዩኒቨርሲቲውን የሚያስተዳድር መስሎ ይታያቸው ስለነበር ነው የፈሩት፤ እነሱን ለመውቀስ አፌ አይነሣም። በ2001 ደግሞ አንድ ወጣት የቡድኑ ረዳት ተመሳሳይ ነገር አይቶ ለዋናው አሰልጣኝ ለጆ ፓተርኖ ነገረ። ፓተርኖ ለስፖርት ዳይሬክተሩ ነገሩት፤ ከዚያ ነገሩ እስከ ምክትል ፕሬዚዳንቱና እስከ ፕሬዚዳንቱ ግርሃም ስፓኒየር ደረሰ። በኋላ የተገኙት ኢሜይሎች እንደሚያሳዩት፣ ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ ለሕፃናት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለማሳወቅ አስበው ነበር፤ ከዚያ ሐሳባቸውን ለወጡ። ሳንደስኪ የተያዘው በኖቬምበር 2011 ነው። አሥር ዓመት!

ፓተርኖ ለ46 ዓመት ዋና አሰልጣኝ ሆነው የኖሩ፣ ሐውልት የቆመላቸው ሰው ነበሩ። ሲሰናበቱ ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው የቴሌቪዥን መኪና ገለበጡ፤ ያን ሌሊት የጮኹት ስለ አሰልጣኙ ነበር። ሳንደስኪ በ2012 በ45 ክሶች ጥፋተኛ ተባለ፣ ከ30 እስከ 60 ዓመት ተፈረደበት። የቀድሞው የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ሉዊስ ፍሪ ያወጡት ሪፖርት መሪዎቹ ነገሩን እንደደበቁ ደመደመ፤ የፓተርኖ ቤተሰብ ይህን አልተቀበለውም። ኤንሲኤኤ በጁላይ 2012 የ60 ሚሊዮን ዶላር መቀጮ፣ ቦውል ከሚባሉት የዓመት ማብቂያ ጨዋታዎች የአራት ዓመት እገዳ፣ የነጻ ትምህርት ዕድሎች ቅነሳና የ112 ድሎች ከመዝገብ መሰረዝ ወሰነ። የሞት ቅጣቱ ተነሥቶ ተተወ።

ያም ቅጣት ቢሆን አልጸናም። ማኅበሩ የራሱን መደበኛ የምርመራ ሥርዓት ዘልሎ፣ ዩኒቨርሲቲውን ስምምነት አስፈርሞ የወሰነው ስለነበር በፍርድ ቤት ተሞገተ። በክርክሩ የወጡ ኢሜይሎች የማኅበሩ ሰዎች ራሳቸው በጉዳዩ ላይ ሥልጣን እንዳላቸው ይጠራጠሩ እንደነበር አሳዩ። በ2014 የቦውል እገዳው ተነሣ፤ በጃንዋሪ 2015 ድሎቹ ተመለሱ። ጸንቶ የቀረው 60 ሚሊዮኑ ነው፤ በፔንሲልቬኒያ የሕፃናትን ጥቃት ለመከላከልና ተጠቂዎችን ለመርዳት ዋለ።

ከዚህ ወዲያ ያለው የቤይለር ጉዳይ አጭር ነው፤ የቃሉን ባዶነት ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳየው እሱ ነው። ቤይለር ዌይኮ፣ ቴክሳስ ያለ የባፕቲስት ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2016 ራሱ የቀጠረው የሕግ ድርጅት፣ የፉትቦሉ ሰዎች የጾታዊ ጥቃት አቤቱታዎችን በራሳቸው መንገድ እየያዙ ከዩኒቨርሲቲው የዲሲፕሊን ሥርዓት እንዲርቁ ያደርጉ እንደነበር አረጋገጠ። አሰልጣኙ አርት ብራይልስ ተባረሩ፣ ፕሬዚዳንቱ ኬን ስታር ከቦታቸው ተነሡ። ኤንሲኤኤ ለመወሰን እስከ ኦገስት 2021 ቆየ። ሲወስን ኮሚቴው አድራጎቱን አጥብቆ ነቀፈ፤ ነገር ግን ጥቃትን አለማሳወቅ የማኅበሩን ደንብ መጣስ አይደለም አለ። ለሌሎች ጥሰቶች ያስከፈለው መቀጮ 5 ሺህ ዶላር ነበር። ለኤስኤምዩ ተጫዋች በየወሩ ብር መስጠት ቡድን አስገደለ፤ አቤት የምትልን ሴት ማባረር ግን አንቀጽ አልነበረውም።

የዚህ ምክንያት ከደንቡ አመጣጥ ይገኛል። ደንቡን ያወጡት ተፎካካሪዎች ናቸው፤ የፈሩትም አንዱ ሌላውን እንዳይበልጠው ነው። ብር የሰጠ ጎበዙን ልጅ ይወስዳል፤ ስለዚህ ጎረቤቱ ይከሰዋል። ተጠቂን ዝም ያሰኘ ግን ከጎረቤቱ ላይ የሚወስደው ተጫዋች የለም። ከ2017 ወዲህ ፕሬዚዳንቶች ስለ ጾታዊ ጥቃት መከላከል በየዓመቱ ፈርመው እንዲያረጋግጡ ተደርጓል። ጥሩ ነው፤ ፊርማ ግን ምርመራ አይደለም።

ታዲያ ማን ነው የሚጠይቃቸው? በፔን ስቴት የጠየቁት ሌሎች ናቸው። ነገሩን በጋዜጣ ያወጣችው ሣራ ጋኒም የምትባል ወጣት ጋዜጠኛ ናት። ስፖርት ዳይሬክተሩና ምክትል ፕሬዚዳንቱ በ2017 ሕፃናትን ለአደጋ በማጋለጥ ጥፋታቸውን አመኑ፤ ስፓኒየርንም በዚያው ዓመት ዳኞች ጥፋተኛ አሏቸው፣ በ2021 ሁለት ወር ገደማ ታሰሩ። የፌዴራል ትምህርት መሥሪያ ቤት ክሌሪ በሚባለው ሕግ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በግቢያቸው የሚፈጸመውን ወንጀል እንዲያሳውቁ በሚያስገድደው ማለት ነው፣ ወደ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ። ተጠቂዎቹ ራሳቸው ከስሰው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፈሉ። ከሁሉም ልብ የሚነካው ያ ነው፤ በልጅነታቸው ማንም ያልሰማቸው ሰዎች አድገው ፍርድ ቤት ቆመው ተናገሩ።

ለእኛ ሰው የሚቀርብ ምሳሌም አለ። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በሜይ 2018 በልምምድ ላይ ጆርዳን ማክኔር የተባለ የ19 ዓመት ልጅ በሙቀት ተመትቶ ወደቀ። በበረዶ ውሃ ውስጥ ወዲያው መክተት ሕይወት ያድናል፤ አልተደረገለትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የሕግና የሞራል ኃላፊነቱን እንደሚወስዱ በይፋ ተናገሩ፤ ቦርዱ ግን በኦክቶበር መጨረሻ አሰልጣኙ እንዲቆይ ወሰነ። ተማሪው፣ ወላጁ፣ ፖለቲከኛው በአንድ ቀን ተነሣ፤ በማግሥቱ አሰልጣኙ ተባረረ። እዚህም ላይ የደንብ መጽሐፍ የገለጠ የለም። ወላጆቹ በልጃቸው ስም ድርጅት አቋቋሙ፤ በ2021 ሜሪላንድ የተማሪ ስፖርተኞችን ጤና የሚጠብቅ በስሙ የተሰየመ ሕግ አወጣች። የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ልጅ ያላችሁ፣ ልምምድ ላይ የበረዶ ገንዳ አለ ወይ፣ ሐኪሙ የሚታዘዘው ለማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። አያሳፍርም።

በጁን 2025 አንዲት የፌዴራል ዳኛ ባጸደቁት ስምምነት መሠረት፣ ዩኒቨርሲቲዎች ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ ይከፍላሉ፤ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር። የኤስኤምዩ 61 ሺህ ዶላር አሁን ጥፋት መባሉ ቀርቶ ለአንድ ተጠባባቂ ተጫዋች እንኳ ትንሽ ሊባል ይችላል። ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 21 ቀን 2024፣ ኤስኤምዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገር አቀፉ የዋንጫ ጥሎ ማለፍ በቅቶ በብርድ ወደ ቢቨር ስታዲየም ሄደ። የጠበቀው ፔን ስቴት ነበር። 38 ለ10 አሸነፈው።