«ማንም አይሠራም»፦ እየሰፋ ስላለ የክፍያ መንገድ የሚነገሩ ስህተቶች

የባለቤቴ ወንድም በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዓይነት ፎቶ ይልክልኛል። በኮን የታጠረ ሌይን፣ ከማዶው የአፈር ክምር፣ ሰው የለም። ከሥሩ ያቺው ጽሑፍ ትከተላለች፦ «ይኸው፣ ማንም አይሠራም። እኛ ግን እንከፍላለን!»

በየቀኑ የሚመላለስበት የክፍያ መንገድ እየሰፋ ነው፤ አሮጌው ክፍልም ከሥሩ ተነሥቶ እንደ አዲስ እየተሠራ ነው። እኔ እዚያ ፕሮጀክት ላይ የለሁበትም። ግን ሙያዬ መንገድ ነው፣ እንዲህ ያለ ሳይት ላይ ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ፣ ስለዚህ መልስ ከእኔ ይጠበቃል። መጀመሪያ ሰሞን በትዕግሥት አስረዳው ነበር። አሁን ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ በጠየቀኝ ቁጥር ይህንኑ ልላክለት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀላሎቹ ልጀምር።

«80 ፐርሰንት ደርሷል፣ ሊያልቅ ነው»

አይደለም። ሪፖርት ላይ የምታዩት ፐርሰንት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በሥራው ዋጋ ነው። አፈር፣ ገረጋንቲና አስፋልት ብዙ ገንዘብ ስለሚበሉ ቁጥሩን ያስሮጡታል። የቀረችው 20 ፐርሰንት ውስጥ ያለው የድልድይ መጋጠሚያ፣ የጎን ብረት፣ ምልክት፣ መብራት፣ የመስመር ቀለምና የክፍያ ሲስተም ነው። በገንዘብ ትንሽ ነው፤ ግን አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነው የሚሠራው። አንድ ድልድይ ከዘገየ ግራና ቀኙ ያለው ያለቀ መንገድ ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

«ያለቀውን ሌይን ለምን አይከፍቱልንም?»

ያለቀው ላይ እኮ ነው የምትነዱት። መኪና ሳይቆም መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ ዳር ያለው አዲሱ ክፍል ይሠራል። እሱ ሲያልቅ ትራፊኩ ወደዚያ ይዛወርና አሮጌው ይፈርሳል። አዲሱን ቀድማችሁ አግኝታችኋል፤ ያው የሌይኑ ቁጥር ስላልጨመረ አልታወቃችሁም።

«መንገድ ማለት አስፋልቱ ነው»

አስፋልቱ ቆዳው ነው። ሥጋው ከሥር ነው።

«ከባድ መኪናም ያው መኪና ነው፣ ለምን ብዙ ይከፍላል?»

ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ለሙከራ ብቻ መንገድ ተሠርቶ የጦር ሠራዊት ሾፌሮች ከባድ መኪና ሲያመላልሱበት ከረሙ። ውጤቱን ዛሬም የመንገድ ውፍረት ስንተምን እንጠቀምበታለን። በአንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን በሚያያይዘው ዘንግ) ላይ ያረፈው ክብደት ሁለት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሁለት እጥፍ አይሆንም፤ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ከልክ በላይ የጫነ አንድ ተሳቢ የሚያደርሰውን ጉዳት ስንት ሺህ የቤት መኪና ተሰብስቦ አያደርሰውም። ሚዛን ጣቢያ ላይ ቆመው የሚመዝኑትን አትማረሩባቸው።

«ማንም አይሠራም»

እዚህ ላይ መቆየቴ ነው።

አሮጌው መንገድ ከፍ ባለ የአፈር ሙሌት ላይ የተቀመጠ ነው እንበል። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ሲመላለስበት ኖሯል። ከሥሩ ያለው መሬት መስመጥ ያለበትን ያህል ሰምጦ ጨርሷል። አሁን ከጎኑ አዲስ ሙሌት እንጨምራለን። ይኼኛው ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ሥሩ ውሃ ያዘለ ሸክላ አፈር ከሆነ ደግሞ ጣጣ አለው፤ ሸክላ ክብደት ሲያርፍበት ወዲያው አይሰምጥም። ክብደቱን መጀመሪያ የሚሸከመው በአፈሩ ውስጥ የታፈነው ውሃ ነው። ውሃው ቀስ እያለ ሲወጣ ብቻ ነው መሬቱ የሚወርደው። ቴርዛጊ የተባለ የኦስትሪያ መሐንዲስ ከመቶ ዓመት በፊት በሒሳብ አስቀምጦታል። ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱ ቦታ ዓመታት።

ሳንጠብቅ አስፋልት ብናነጥፍበትስ? አሮጌው ባለበት ይቀመጣል፣ አዲሱ ይወርዳል፣ መጋጠሚያው ላይ በመንገዱ ርዝመት ስንጥቅ ይወጣል። ዝናብ በዚያ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጉድጓድ የሚያውቀው ጎማችሁ ነው።

ስለዚህ የአሮጌው ሙሌት ዳገት እንደ ደረጃ እየተቆረጠ አዲሱ አፈር ከእርከኖቹ ጋር ይጠላለፋል። ሙሌቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ንብርብር እየተደለደለ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በሮለር ይጠቀጠቃል። እያንዳንዱ ንብርብር ይለካል። ከዚያ ያ ሰውን ሁሉ የሚያናድደው ክምር ይመጣል። መንገዱ ከሚደርስበት ከፍታ በላይ ሆን ብለን ትርፍ አፈር እንከምርበታለን፤ መሬቱ በኋላ በመንገዱና በትራፊኩ ክብደት ሊሰምጥ የነበረውን አሁኑኑ እንዲሰምጥ። ከዚያ ሄደን ሌላ ቦታ እንሠራለን። ክምሩ ግን ቀንም ሌሊትም፣ በዓልም ሆነ እሁድ ሥራ ላይ ነው።

አላምንም ላለ፣ ክምሩ አናት ላይ ቀይና ነጭ የተቀባ የብረት ቧንቧ ብቅ ብሎ ይታየዋል? ቧንቧው ከታች በወፍራም የብረት ሳህን ላይ ተበይዷል። ሳህኑ ሙሌቱ ሳይጀመር መሬቱ ላይ የተቀመጠ ነው። መሬቱ ሲሰምጥ ሳህኑ ይሰምጣል፣ ቧንቧውም አብሮ ይወርዳል። ሰርቬየሩ (ለኪው ባለሙያ) በሳምንት አንድ ቀን ሌቭሉን፣ ማለትም ከፍታ የሚለካበትን መነጽር፣ ይዞ ይመጣል። ረዳቱ ክምሩ ላይ ወጥቶ መለኪያውን ዘንግ ቧንቧው ጫፍ ላይ ያቆማል። ሰርቬየሩ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያነባል፣ ደብተሩ ላይ አንድ ቁጥር ይጽፋል፣ ይሄዳሉ። ሩብ ሰዓት አይሞላም። የዚያ ቦታ የሳምንቱ ሥራ በሙሉ ያቺ ቁጥር ናት። መሬቱ በየሳምንቱ የወረደው 9 ሚሊ ሜትር፣ 6፣ 4፣ 4፣ 2... ቁጥሩ ሲተኛ ትርፉ አፈር ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ቦታ ይጫናል።

ጀማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ፕሮጀክት ላይ ቧንቧው ገና በሳምንት 5 ሚሊ ሜትር እየወረደ «ይበቃል፣ አንሡት» ተባለ። የምረቃ ቀን ተቆርጦ ነበር። አለቃዬ ተቃውሞውን በደብዳቤ አስገባ፤ ደብዳቤው ፋይል ሆነ። አነጠፍን። አስፋልቱ ሲያምር! በሁለተኛው ዝናብ መጋጠሚያው ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ በቀጥታ መስመር ተዘረጋ፤ መቶ፣ ሁለት መቶ ሜትር፣ ከዚያም በላይ። ሌይኑ እንደገና ተዘጋ። ሰው ምን አለ? «ቶሎ አይሠሩ፣ ሲሠሩም በደንብ አይሠሩ!» ሁለተኛዋ እውነት ነበረች።

ኮንክሪትም ያው ነው። «እስኪደርቅ እየጠበቁ ነው» ይባላል። ኮንክሪት የሚጠነክረው ደርቆ አይደለም፤ ሲሚንቶው ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካላዊ ውህደት ነው። ቶሎ ከደረቀማ ተበላሸ። ለዚህ ነው እርጥብ ጆንያ የምናለብሰው፣ ውሃ የምናጠጣው። አንድ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ምን ተክላችሁ ነው?» ብሎን ያውቃል። ስቀናል፣ ቀልዱ ጥሩ ነበር። ግን ጥንካሬው የሚፈተነው በ28ኛው ቀን ነው። ከዚያ በፊት በሰባተኛው ቀን ናሙናውን ላብራቶሪ ወስደን በማሽን ጨፍልቀን እንሰብራለን፤ ከሚፈለገው ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ከደረሰ እፎይ እንላለን። በሰዓታት የሚጠነክር ኮንክሪትም አለ፤ ውድ ነው፣ በቀላሉም ይሰነጠቃል። ለሌሊት ጥገና እንጂ ለመንገዱ በሙሉ አይሆንም።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ በእርግጥም ማንም የማይሠራበት ሳይት አለ። ለሥራ ተቋራጩ ክፍያ ዘግይቶ ይሆናል፤ የውሃ ወይም የመብራት መስመር ሳይነሣ ቀርቶ ይሆናል፤ ማሽኑ ወደ ሌላ ሥራ ሄዶም ይሆናል። እንዴት ትለዩታላችሁ? ክምሩ ላይ ቧንቧ ከሌለና ሣር ከበቀለበት፣ ኮኑ ወድቆ ሳምንት ሙሉ የሚያነሣው ከጠፋ፣ አንጸባራቂው ምልክት በአቧራ ተሸፍኖ ከቀረ፣ ያኔ ፎቶ አንሡ። ያኔ እኔም አብሬያችሁ እጮሃለሁ።

«እየሠሩ ክፍያውን ማቆም ነበረባቸው»

ስሜቱ ይገባኛል። ሌይኑ ጠብቦ፣ ፍጥነቱ ቀንሶ ሙሉ ዋጋ መክፈል ያንገበግባል። ቅናሽ መጠየቅ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ሙሉ በሙሉ ነፃ ይሁን ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ብዙ ቦታ ማስፋፊያው የሚሠራው በብድር ነው፤ ብድሩን የሚከፍለው ያው ክፍያ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ዋጋ የመኪና ብዛት ላይ ልጓም ነው። የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም በ2006 ወደ መሃል ከተማ በሚገቡና በሚወጡ መኪኖች ላይ የሙከራ ክፍያ ስትጥል ትራፊኩ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። ሙከራው ሲቆም አብዛኛው ተመለሰ። በ2007 ቋሚ ሲደረግ እንደገና ቀነሰ። እና መንገዱ በጠበበበት ሰዓት ልጓሙን ብንፈታው በነፃ የሚመጣው ሁሉ እዚያው ጠባብ ሌይን ላይ ነው የሚሰለፈው።

«ሲያልቅ መጨናነቅ ያበቃል»

አለቆችም ምረቃ ላይ የሚሉት ነው። በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ ያለው ኬቲ ፍሪዌይ የተባለው አውራ ጎዳና ማስፋፊያው በ2008 ሲያልቅ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቶ ነበር። አንዳንዱ ቦታ ላይ የጎን መንገዶቹ ሲቆጠሩ 26 ሌይን ይደርሳል። መጀመሪያ ሰሞን ትራፊኩ ፈሰሰ። ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ማታ ከከተማ ለመውጣት የሚወስደው ሰዓት ከግማሽ በላይ ጨመረ። መንገድ ሲመቻች በሌላ ሰዓት ይሄድ የነበረው ሰዓቱን ይቀይራል፣ በአውቶቡስ ይሄድ የነበረው መኪና ያወጣል፣ ቤት ሠሪው ራቅ ብሎ ይሠራል። ይህ ማለት ማስፋፋት ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰውና ጭነት ያልፍበታል። የተረጋጋ ፍጥነት ከፈለጋችሁ ግን እንደ ሰዓቱ ከፍና ዝቅ የሚል ክፍያ ያለበት ሌይን ይሻላል። ኬቲ መሃል ላይም እንደዚያ ያሉ ሌይኖች አሉ።

«ሌይኑ ጫፍ ድረስ ነድቶ የሚገባ ባለጌ ነው»

ይህን ሳነሣ ባለቤቴ ራሷ ትጣላኛለች። ሁለቱም ሌይን ተጨናንቆ ቀስ እያለ ከሆነ ትክክለኛው ሰው እሱ ነው። ሁለቱንም ሌይን እስከ መጨረሻው ተጠቀሙ፤ ከዚያ እንደ ዚፕ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እየተባለ ይገባል። የአሜሪካዋ ሚኔሶታ ግዛት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይህ ሰልፉን እስከ 40 ፐርሰንት ሊያሳጥር ይችላል ይላል። ሁለት ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ ገብቶ ባዶውን ሌይን ማየትና መናደድ የራስ ምርጫ ነው። መንገዱ ክፍት ሆኖ ሁሉም በፍጥነት የሚሄድ ከሆነ ግን ቀደም ብላችሁ፣ ቦታ ስታገኙ ግቡ።

ከፊታችሁ ላለው መኪና ርቀት ስጡ። በ2008 በታተመ ጥናት የጃፓን ተመራማሪዎች 230 ሜትር ዙሪያ ባለው ክብ ላይ 22 መኪና አሰልፈው በእኩል ፍጥነት ንዱ ቢሏቸው፣ ምንም ሳይዘጋባቸው መጨናነቅ ፈጠሩ። አንዱ ፍሬን ሲነካ የኋላው ትንሽ አብዝቶ ይይዛል፣ ከሱ ኋላ ያለው ይቆማል። ጠብቦ በተሠራ ሌይን ላይ አንዲት ድንገተኛ ፍሬን እስከ የት ድረስ እንደምትሄድ አስቡት።

የፍጥነት ገደቡም ለሠራተኛው ብቻ የተቀመጠ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መንገድ ሥራ ቦታ ላይ በሚደርስ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ ሾፌሮችና ተሳፋሪዎች ናቸው። ከኋላ መግጨት እዚያ ዋነኛው የግጭት ዓይነት ነው። ሠራተኛ ባይታያችሁም ቀንሱ፤ ዳር መውጫ የለም፣ የኮንክሪት መከላከያው መስታወታችሁ ሥር ነው፣ ሌይኑ ጠብቧል።

እና አንተ፣ የባለቤቴ ወንድም። ፎቶዎችህ ሁሉ ከመሪው በላይ የተነሡ ናቸው፤ ባለፈው የላክኸው ላይ የፍጥነት መለኪያህም ይታያል። እየነዳህ ፎቶ አታንሣ።