«ስንት ፈረስ ነው?» ከማለታችሁ በፊት

መስከረም ከጠባ ጀምሮ ሱቄ በር ላይ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «ስንት ፈረስ ነው?» የማጨጃውን ሞተር የፈረስ ጉልበት ማለታቸው ነው። አንዳንዱ ሰላምታውን እንኳ አይጨርስም። ደብረ ብርሃን ላይ የሳር ማጨጃና የውኃ ፓምፕ ሞተር ስጠግን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እኔ መልሼ «የምታጭደው ሳር ለምንድን ነው?» ስል ሰዉ ግራ ይጋባል። ሳር ሳር ነው፤ ምን ለምን አለው? ዘንድሮ በአፌ ማስረዳቱ ሰለቸኝ። የምትሉኝን አንድ በአንድ እየጠቀስኩ በጽሑፍ ልመልስ።

«ፈረስ ጉልበቱ ይብዛ እንጂ ሌላው ግድ የለም»

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት ደብረ ብርሃን አልደረሰም። ቁጥሩ የተለካው በባሕር ጠለል አካባቢ ባለ አየር ነው። ሞተር ቤንዚን የሚያነደው በአየር ነው፤ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባለት) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 ከመቶ ተኩል ያህል ያጣል። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ላይ ነው። አስሉት፤ ሲሶው ገደማ መንገድ ላይ ቀረ። 7 ፈረስ ብላችሁ የገዛችሁት እዚህ 5 አይሞላም። ጣርማበርና መንዝ ላይ ይብሳል።

ይህን ስነግራቸው «እንግዲያው 13 ፈረሱን ስጠኝ» ይሉኛል። ወይ ጣጣ!

ችግሩ የጉልበት ማነስ ብቻ አይደለም። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ቆላ ላይ ያፈስ የነበረውን ያህል ቤንዚን እዚህም ያፈሳል። ስለዚህ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሳሩ ጠንከር ሲልበት ይንተፋተፍና ይጠፋል። ትልቁን ብትገዙም ያው ነው፤ በትልቁ ይንተፋተፋል።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ ሰው ከአንኮበር መስመር አዲስ ማሽን በባጃጅ ጭኖ መጣ። «ጉልበት የለውም፣ ሸጠህልኝ ትልቅ ልግዛ» አለኝ። እሳት የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈታሁት። ጫፉ የድስት ቂጥ መስሏል፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት። ጠረግኩት። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ጠበብ ባለ ቀየርኩለት። የአየር ማጣሪያውን ፊልትሮ አጠብኩ። እጁ ላይ ያለው ያው የድሮው ማሽን ነው፤ ግን ከሰዓት በኋላ ይዞት ሲሄድ ድምፁ ሌላ ነበር። ማሽኑን ሸጦ ትልቅ ቢገዛ ኖሮ በወሩ በትልቁ ጥቁር ካንዴላ ይመጣ ነበር። እኔ ከፋኝ? ሽያጩ ቀረብኝ፣ ግን ጥቅምት ላይ ከእንዲህ ዓይነቱ ጭቅጭቅ መዳን ራሱ ትርፍ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ጉልበት የሚፈልገው የአቆራረጡ ዓይነት ነው። እየተሽከረከረ የሚመታ ስለት ሳሩን የሚጥለው በፍጥነት ነው፤ ጉልበት ይበላል። እንደ መቀስ እየተንሸራተተ የሚቆርጠው ባለ ጥርስ ማጨጃ ግን ሳሩን ይሸልተዋል እንጂ አይደበድበውም። ባለ 1 ሜትሩ በትንሽ ሞተር እዚሁ ደጋ ላይ ይሠራል።

ከፈረስ ይልቅ ስፋቱን ጠይቁ። ማሽኑ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ አፉ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንዱን ጥማድ (2,500 ካሬ ሜትር ልበል) ለመጨረስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አፉ 1 ሜትር የሆነ 50 ደቂቃ። መዞሪያውንና ቡናውን ሳንቆጥር። ታዲያ ስንት ጥማድ ነው ያላችሁ? አንድ ጥማድ ላለው ሰው ማሽን ግዛ አልለውም። ተከራይ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር አብራችሁ ግዙ እለዋለሁ።

«ሳር የሚቆርጥ ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። የግቢ ሳር መቁረጫና የድርቆሽ ማጨጃ ሞተር ስላላቸው ብቻ ዘመድ አይሆኑም። የግቢው ስለቱን በሽፋን ውስጥ እያሽከረከረ ሳሩን ደጋግሞ ይከታትፈዋል። ለሆቴል ግቢ እሰየው። ለድርቆሽ ግን ግንዱ ሳይሰበር ረድፍ ይዞ መተኛት አለበት፤ ያኔ ነፋስ ይገባዋል፣ ይገለበጣል፣ ይታሰራል።

ጫጫ አካባቢ ላሞች ያሏት አንዲት ደንበኛዬ ተቀምጠው የሚነዱትን የግቢ መቁረጫ ከአዲስ አበባ ገዝታ መጣች። ማማሩ! መብራት ሁሉ አለው። ሜዳው ደግሞ ጥቁር አፈር ነው፤ እስከ ጥቅምት ውኃ ይቋጥራል። ማሽኑ ሁለት ዙር ዞሮ ሦስተኛው ላይ እስከ ሆዱ ሰመጠ፤ በበሬ ጎተቱት። የታጨደውንም አየሁት። እንደ ተከተፈ ጎመን ሜዳው ላይ ተበትኗል። በመንሽ አይነሳ፣ አይታሰር። በመጥረጊያ ሰብስበው ከመሩት። ከሳምንት በኋላ እጄን ክምሩ ውስጥ ስከት ሞቀኝ፤ ሽታውም የሻጋታ ነበር። ድርቆሽ ሲከመር እርጥበቱ ከ20 ከመቶ በታች መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ ውስጥ ለውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል፤ ሲብስም ራሱን በራሱ ያቃጥላል።

በትከሻ የሚንጠለጠለው ማጨጃም ቢሆን እንደ ጫፉ ነው። የፕላስቲክ ክሩ ለአጥር ጥግና ለድንጋይ ዳር ነው፤ ድርቆሽ ለማጨድ የብረቱን ስለት ግጠሙ። እሱን ስትይዙ መነጽር አድርጉ፣ በ15 ሜትር ውስጥም ሰው አይቁም። የእኛ ሜዳ ጠጠሩን ሳሩ ውስጥ ደብቆ ነው የሚጠብቃችሁ። ልጆች ማሽን ማየት ይወዳሉ፤ አባርሯቸው።

«ሁለት ስትሮክ ከሆነ ዘይቱን በግምት ጨምርበት»

በግምት የሚጨመረው በርበሬ ነው። ሁለት ስትሮክ ማለት ዘይቱ ቤንዚኑ ውስጥ የሚቀላቀልለት ሞተር ነው። መመሪያው 50 ለ 1 ካለ በሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ዘይት፣ 25 ለ 1 ካለ 40 ሚሊ። ዘይት ያልገባበት ሞተር ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ እሱን ጠግኜ የምጠይቃችሁን ዋጋ አትወዱትም። አራት ስትሮክ ደግሞ ዘይቱ ለብቻው ነው፤ ቤንዚን ውስጥ አትቀላቅሉ።

«ዝቅ ብሎ ያጨደ ብዙ ድርቆሽ ያገኛል»

አፈር ያገኛል። ከመሬት ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ተዉለት።

«ሳሩ በደንብ ይድረቅና በኅዳር መጨረሻ ይታጨዳል»

ቆሞ የደረቀ ሳር ለማሽን ይቀላል፤ እውነት ነው። ለላም ግን ገለባ ነው። ሳሩ ግማሹ ሲያብብ፣ ጥቅምት ላይ ነው ምግቡ ያለው። ካፈራ በኋላ ግንዱ እየጠነከረ ፕሮቲኑ ይወርዳል። ዝናቡን ፈርታችሁ እንደምትቆዩ አውቃለሁ፤ የጥቅምት ዝናብ ስንቱን ድርቆሽ እንዳጠቆረ አይቻለሁ። ሁሉን በአንዴ ሳይሆን በሦስት ቀን የምታነሱትን ያህል ብቻ እጨዱ።

«ለዳገት ተቀምጠው የሚነዱት ይሻላል»

ይገለበጣል። ተቀምጦ መንዳት ከ15 ዲግሪ በላይ አይሞከርም። ዲግሪ መለኪያ የለንም ካላችሁ፣ 1 ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት አንዱን ጫፍ በዳገቱ በኩል መሬት አስነክታችሁ ሳያዘነብል ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጫፍ ከመሬት ስንት እንደራቀ ለኩ። 27 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ውረዱ። ተቀምጣችሁ ስትነዱ ሽቅብና ቁልቁል፣ እየገፋችሁ ስታጭዱ አግድም ሂዱ። አብዛኛው ሰው ገልብጦ ነው የሚያደርገው፤ አንድ ሁለቱን በቃሬዛ አይቻለሁ።

«ማጭድ ጊዜው አልፎበታል»

መንዝ ላይ ጓሳ የሚባለውን ሳር ለቤት ክዳን የሚያጭዱትን ጠይቁ። ለክዳን ረጅምና ያልተሰበረ ሳር ነው የሚፈለገው። የእኔ ማሽኖች ሁሉ እዚያ ከንቱ ናቸው።

«በረዶ መጥረጊያውም ሳር ያጭዳል»

ይኼ ማመን የማይቻል ይመስላል፤ ግን ማሽኑ ሱቄ ድረስ መጥቷል። ባለቤቱ አንድ ጎልማሳ ጋሼ ናቸው። ወንድማቸው ሚኒሶታ ነው። እዚያ ባለ ሰፊ ግቢ ሰው አንድ ትንሽ ትራክተር ይገዛል። በበጋ ሆዱ ስር የሳር መቁረጫ ይገጥማል፣ በክረምት ከፊቱ የበረዶ መወርወሪያ። ወንድምየው ይህን በስልክ ተናገረ። የላከው ግን ትራክተሩን አይደለም፤ እየተገፋ በረዶ ብቻ የሚጠርገውን ነው። ከፊቱ ጠመዝማዛ ብረት በረዶውን ይሰበስባል፣ ከኋላው ያለው ተሽከርካሪ በቱቦ አሽቀንጥሮ ይወረውረዋል። ሳር ቢገባበት ይተበተባል፤ ያ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የአማርኛችንም ነው። እንደ ሽምብራ ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ፣ እዚያ እንደ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ። የእኛው አቦል ሳይወርድ ይሟሟል፤ ከባሰ አካፋ አለ። የእኛ ጠላት ውርጭ ነው፤ ባቄላውን በአንድ ሌሊት የሚያቃጥለው። ለእሱ መጥረጊያ አልተሠራም።

«ልጄ፣ እንግዲህ ምን ይሻላል?» አሉኝ ጋሼ። ሞተሩን አየሁት፤ ደህና ሞተር ነው። ግን የአየር ፊልትሮ የለውም። የበረዶ ሞተር ብዙውን ጊዜ ፊልትሮ አይኖረውም፤ እዚያ በክረምት አቧራ የለም፣ ፊልትሮ ቢኖረው በረዶ ይደፍነዋል። በእኛ የጥር አቧራ እንዲያው ቢነሳ ሲሊንደሩ ባጭር ጊዜ ይበላል። ፊልትሮ ሠራሁለት፣ ቤንዚኑን ቀነስኩለት፣ ከጠመዝማዛው ፈትቼ በቺንጊያ ከውኃ ፓምፕ ጋር አገናኘሁት።

አሁን በሬሳ ወንዝ ዳር ካሮት ያጠጣል። የመወርወሪያው ቱቦ ግን ፓምፑ አጠገብ ግንድ ላይ ታስሮ ቆሟል። ለምን እንዳልጣሉት ጠየቅኋቸው።

«ወንድሜ ሲመጣ ምን ላሳየው?» አሉኝ።