ኢምፕላንት «ያፈሳል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባለፈው ዓመት ከኋላ ጥርሶቼ አንዱ መነቃነቅ ጀመረ። የተፈጥሮዬ አይደለም። ኢምፕላንት ነው፤ ካስተከልኩት አምስት ዓመት አልፎታል። በምላሴ ነካ ባደረግኩት ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ጥቂት ሳምንት ችላ አልኩት። (አታድርጉት። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።) በመጨረሻ ሄድኩ። ሐኪሟ ከላይ የሚታየው ጥርስ (ክራውኑ) አናት ላይ ያለችውን ነጭ መሙያ ፈልፍላ አወጣች። ከጣት በማትበልጥ ካቻቢቴ ብሎኑን ፈታችና ጥርሴን አንስታ ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

ያኔ ሽታው መጣ። የተበላሸ እንቁላል አልለውም፣ ግን ዘመዱ ነው። በቀን ሁለቴ የምቦርሽ ሰው ነኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ጋሼ፣ አይሸማቀቁ» አለችኝ እየሳቀች። «ሲፈታ የማይሸት ብዙም አላየሁም። መገጣጠሚያው ያፈሳል።»

ያፈሳል? ከየት ወደ የት? ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ።

ኢምፕላንት ሲባል አንድ ወጥ ጥርስ ይመስለናል። ብዙውን ጊዜ ግን ሦስት ዕቃ ነው። መጀመሪያ አጥንት ውስጥ የሚቀበረው የታይታኒየም ሥር አለ፤ ውስጡ ክፍት ነው። በላዩ አባትመንት የሚባል አንገት ይቀመጣል። ከዚያ ክራውኑ፣ ማለትም የምናኝክበት ጥርስ ይመጣል። አንገቱን ከሥሩ ጋር አጥብቆ የሚይዘው በመሐል የሚያልፍ ቀጭን ብሎን ነው። ብረት ከብረት የገጠመበት ይህ ቦታ ለዓይን ድፍን ይመስላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክፍተት አለው። በዚያ ክፍተት ባክቴሪያ ወደ ኢምፕላንቱ ሆድ ሲገባና ሲወጣ የባክቴሪያ ስርገት እንለዋለን። ሐኪሞቹ ማፍሰስ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ፔርሙዝ አስቡ። ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ ዘግታችሁ ቦርሳ ውስጥ ታጋድሙታላችሁ፤ አያፈስም። የሚያድናችሁ ክዳኑ ሥር ያለችው ጎማ ናት። እሷን አውጥታችሁ ዝጉትና ሻዩ ደብተራችሁን ሲያርሰው ታያላችሁ። መካኒክ ጓርኒሲዮን ሳያስገባ ሞተር አይገጥምም፤ ብረት ከብረት ጋር ብቻውን እንደማይታተም ያውቃላ። አብዛኛው ኢምፕላንት ግን ጓርኒሲዮን የለውም።

ክፍተቱ ምን ያህል ነው? በደንብ በተሠራ ኢምፕላንት ጥቂት ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይደርሳል፤ ስለዚህ የምናወራው ፀጉር ስለማያስገባ ቀዳዳ ነው። ችግሩ ባክቴሪያዎቹም ትንንሽ ናቸው። ብዙዎቹ ወርዳቸው ከአንድ ማይክሮን አይበልጥም። ለእኛ ስንጥቅ የማትባለው ለእነሱ ሰፊ በር ናት።

ይህ በቤተ ሙከራ የሚፈተንበት መንገድ ደስ ይላል፤ ቀላል ስለሆነ። ኢምፕላንቱ ሆድ ውስጥ ጠብታ ባክቴሪያ ይደረጋል። አባትመንቱ በልኩ ይታሰራል። ከዚያ ባክቴሪያ የሚወደው ንጹሕ ሾርባ ውስጥ ተነክሮ ሙቀት ባለው ሳጥን ይቀመጣል። ሾርባው ጥርት ብሎ ከቆየ መገጣጠሚያው ይዟል ማለት ነው። ከደፈረሰ አፍስሷል። በ1997 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት 13 ዓይነት የኢምፕላንትና የአባትመንት ጥምረቶችን ፈትኗል። ክፍተቶቹ በአማካይ ከ10 ማይክሮን በታች ነበሩ። ባክቴሪያው ግን አለፈ።

ልብ በሉ፤ በዚያ ሙከራ ማንም አላኘከበትም። አፍ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በነከስን ቁጥር አንገቱ በትንሹ ወደ ጎን ይጎብጣል፤ በአንድ በኩል ክፍተቱ ይሰፋል፣ ጥርሳችንን ስናላቅቅ ይገጥማል። አንጥረኛ ወናፉን ሲያነሳ አየር እንደሚስብ፣ ሲጫን እንደሚተፋ ሁሉ፣ ኢምፕላንቱም ምራቅ ይስባል፣ መልሶ ይተፋል። በ2007 ፍራንክፈርት ያሉ ተመራማሪዎች ኢምፕላንቶችን እየተጫኑ በፈጣን የኤክስሬይ ካሜራ ቀርጸው መገጣጠሚያው ሲከፈትና ሲዘጋ አሳይተዋል። ከተሳበው ምራቅ ግን ጥቂቱ ውስጥ ይቀራል። አየር የለም፣ ቡሩሽ አይደርስም፣ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ነው። አየር የማይወዱ የድድ ባክቴሪያዎች ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኙም። ሽታውም የእነሱ ነው።

ሽታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድ የለም ነበር። ጉዳዩ አጥንቱ ጋ ነው። የተተፋው ፈሳሽ የሚወጣው ድድ ሥር፣ አጥንት አጠገብ ነው። ሰውነታችን እዚያ ነጭ የደም ሴሎችን ይልካል። በ2003 የታተመ የእንስሳት ጥናት እነዚህ ሴሎች በብዛት ተሰብስበው የተገኙት መገጣጠሚያው አጠገብ መሆኑን አሳይቷል። ቁስለት ባለበት አጥንት አይቀመጥም፤ ወደ ታች ይሸሻል።

አሁን ወደምወደው ሙከራ ልምጣ። በ2001 የታተመ ነው፤ የተሠራው በውሾች መንጋጋ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው ሦስት ዓይነት ክፍተት ያላቸው ኢምፕላንቶች አሠሩ፦ ከ10 ማይክሮን በታች፣ 50 ማይክሮን እና 100 ማይክሮን። ከዚያ ግማሾቹን በሌዘር በየዷቸው፤ ክፍተቱ አለ፣ ግን አይንቀሳቀስም። የቀሩትን እንደ ወትሮው በብሎን ብቻ አሰሩ። ማንም ሰው ሰፊው ክፍተት የበለጠ አጥንት ያስበላል ብሎ ይገምታል። አላስበላም። በብሎን የታሰሩት፣ ክፍተታቸው ጠባብም ይሁን ሰፊ፣ አጥንት አጡ። የተበየዱት፣ 100 ማይክሮን የተከፈቱት ሳይቀሩ፣ በጣም ያነሰ አጡ። ስለዚህ ወናፉ ከቀዳዳው ይብሳል። «የእኛ ኢምፕላንት ክፍተቱ ይህን ያህል ማይክሮን ብቻ ነው» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ታዲያ ፊቴ አይበራም። ሲነከስበት ይንቀሳቀሳል ወይ? ጥያቄው እሱ ነው።

መገጣጠሚያው መጀመሪያውኑ ለምን አጥንት አጠገብ ተደረገ? ታሪክ ነው። ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1952 ታይታኒየም ከጥንቸል አጥንት ጋር ተጣብቆ እምቢ ሲለው ነው ነገሩ የተጀመረው። በ1965 የመጀመሪያውን ሰው አከመ። የእሱ ዘዴ ሥሩን አጥንት ውስጥ ቀብሮ፣ ድዱን ሰፍቶ፣ ለወራት መጠበቅ ነበር። አጥንቱ ከያዘ በኋላ ድዱ ይከፈትና አንገቱ ይታሰራል። ስለዚህ መገጣጠሚያው አጥንቱ አናት ላይ ዋለ። ሥሩ አናት ላይ የነበረችው ባለ ስድስት ማዕዘን ጉብታ ቁመቷ 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ የተሠራችውም ሥሩን አጥንት ውስጥ ለማጠንጠን መያዣ እንድትሆን ነበር። በኋላ ጥርስ ተሸክማ እንድትቆም ተደረገች። እንግዲህ ብትወላገድ ምን ይፈረድባታል! ለዓመታት ሐኪሞች በመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል አጥንት መጥፋቱን እንደ ጤነኛ ነገር ይቆጥሩት ነበር።

መፍትሔው ከአንድ በኩል ብቻ አልመጣም። በስዊዘርላንድ እነ አንድሬ ሽሮደር አንገቱን ከሥሩ ጋር ወጥ አድርገው ከድድ በላይ አወጡት፤ መገጣጠሚያው ከአጥንት ራቀ። ሌላው መንገድ ሾጣጣ ግጥሚያ ነው። የሻይ ብርጭቆ አጥባችሁ ደራርባችሁ ስታስቀምጡ አንዳንዱ አልላቀቅ የሚለው ነገር አለ አይደል? ያው ነው። ሾጣጣው ሾጣጣ ውስጥ ሲገባ በፍትጊያ ይነካከሳል። ሐሳቡን ጥርስ ሐኪም አላመጣውም። በ1860ዎቹ እስጢፋን ሞርስ የሚባል አሜሪካዊ ያወጣው ነው፤ ዛሬም ቶርኖ ቤት ብትሄዱ የትልቁ ትራፓኖ ፑንታ የሚያዘው በዚሁ ዘዴ ነው። ሾጣጣ ግጥሚያዎች በሙከራዎች ብዙ ጊዜ ያነሰ ያፈሳሉ፣ ያነሰም ይንቀሳቀሳሉ። ጨርሶ አያፈሱም የሚላችሁ ግን ሻጭ ነው።

ሦስተኛው በአጋጣሚ የተገኘ ነው። በ1991 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ሰፋ ያሉ ኢምፕላንቶችን አወጣ፤ ልካቸው የሆነ አንገት ግን ገና አልነበረም። ሐኪሞቹ ምን ያድርጉ? ያላቸውን ጠባብ፣ ባለ 4.1 ሚሊ ሜትር አንገት ሰፊው ሥር ላይ አሰሩ። ከዓመታት በኋላ ኤክስሬዩን ሲያዩ አጥንቱ እንደጠበቁት አልወረደም። መገጣጠሚያው ከዳር ወደ መሐል ስለገባ ከአጥንቱ ርቋል ተባለ። ሐሳቡ በ2006 በጽሑፍ ወጣ፤ ዛሬ ብዙ ፋብሪካ እንዲህ ያመርታል።

ሳልል ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። ኢምፕላንት አፈሰሰ ማለት ወደቀ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ከሚያፈስ ኢምፕላንት ጋር ለዓመታት በሰላም ይኖራል። ድዱ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ፣ ሲጋራ፣ የቆየ የድድ በሽታ፣ እነዚህ አጥንቱን በከፋ ይጎዱታል።

ታዲያ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ውስጡን መቦረሽ አንችልም። በጊዜ መናገር ግን እንችላለን። የላላ ብሎን ማለት ወናፉ ሙሉ ቀን ይሠራል ማለት ነው። እኔ «አያምም» ብዬ ያሳለፍኳቸው ሳምንታት ያ ነበሩ። ቀጭ ካለ፣ ድዱ ከደማ፣ መጥፎ ጣዕም ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ደውሉ። በዚያ በኩል ማኘክም ይቅር።

አንዱ አደገኛ ነገር ደግሞ የሌላ ፋብሪካ ክፍል ነው። የመኪና መለዋወጫ የገዛ ሰው ኦሪጅናልና ኮፒ የሚባለውን ያውቃል። ኮፒው አንገት ይገባል፣ ይታሰራል፣ ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ግጥሚያው ግን የላላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስታስተክሉ የኢምፕላንቱን ስም፣ ልክና የምርት ቁጥር የያዘውን ካርድ ተቀበሉ። ኢስታንቡል ወይም ዋሽንግተን አስተክሎ አዲስ አበባ ሲመጣ ብሎኑ የላላበት ሰው ይህ ካርድ ከሌለው ሐኪሙ የትኛውን ካቻቢቴ እንደሚያነሳ እንኳ ግራ ይገባዋል። ለሁሉም የሚሆን አንድ የለማ።

የኔን ሐኪሟ ውስጡን አጠበች፣ ማይክሮብ የሚገድል ጄል ጨመረች፣ አዲስ ብሎን አስገባች። ልክ በሚያሳይ ቁልፍ 35 ኒውተን ሴንቲ ሜትር ላይ አጠበቀችው። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ተቀመጠች። «አለቀ?» አልኳት። «አሥር ደቂቃ እንጠብቃለን» አለችኝ። ብሎን ሲጠብቅ የብረቱ ሸካራ ገጽ ይጨፈለቅና ትንሽ ይላላል ለካ፤ ስለዚህ ደግሞ ይጠበቃል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቁልፉ እውነትም ትንሽ ዞረ። በመጨረሻ ቀዳዳውን በነጭ ቴፍሎን ደፈነችው፤ ያው የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠመጥመው ዓይነት ነው። ድሮ ጥጥ ይደረግ ነበር አለችኝ። ጥጥ ምራቅ ይመጥጣል፣ ያኔ ሽታው ከዛሬውም ይብስ ነበር።