ጅቡን በማን አነጋገር ነው የምታናግሩት? ስለ ተረት፣ አሻንጉሊትና ብዝኃነት የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ልጅ ካልነገሩት ልዩነት አያውቅም»

ያውቃል እንጂ። መዋለ ሕፃናት ሳይገባ የቆዳ ቀለምም፣ አነጋገርም፣ ዊልቸርም ያስተውላል፤ እኛ ዝም ስንል ትርጉሙን ከሰፈር ይሰማዋል።

«የእንስሳት ተረት ማንንም አይነካም»

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ጦጣዋ ብልጥ ስለሆነች የአራዳ አማርኛ ታወራለች፤ ጅቡ ደግሞ ሞኝነቱ እንዲታወቅ የሆነ ክፍለ ሀገር አነጋገር ይሰጠዋል። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። እዚያው ክፍል ውስጥ እናትና አባቱ እንደዚያ የሚያወሩ ልጅ ካለ ግን በማግስቱ መልሱን እያወቀ እጁን ባያወጣ አይግረማችሁ። ያንን አነጋገር ለጦጣዋ ስጧት፣ በቃ።

«የአባቶች ተረት እንከን የለውም»

ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚለውን ስንቶቻችን ነን በልጅነት የሰማነው? ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ ማረሻውን፣ ጋቢውን ከእነሱ እየወሰድን እኮ ነው! ተረቱን ግን አትደብቁት፣ ልጆቹ የትም ይሰሙታል። ከፍ ላሉት ተርኩላቸውና ቀጥቃጩ አሻንጉሊት ብድግ ብሎ «ማረሻህን ስሠራልህ ሰው ነበርኩ፤ ሲመሽ እንዴት ጅብ አደረግከኝ?» ብሎ ገበሬውን ይጠይቀው። መልሱን እናንተ አትንገሯቸው።

«ብዝኃነት ማለት ለእያንዳንዱ ብሔር አንድ አሻንጉሊት ነው»

የባህል ልብስ፣ ጭፈራ፣ ጭብጨባ... ይሄ በትንሹ የተሠራ ኅዳር 29 ነው። ልጁ የሚያስታውሰው ልብሱን ብቻ ነው። የደቡብ አፍሪካው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም «ታካላኒ ሰሰሚ» እ.ኤ.አ. በ2002 ካሚ የምትባል፣ ኤችአይቪ በደሟ ያለ የአምስት ዓመት አሻንጉሊት አመጣ። እናቷን በኤድስ ያጣች ናት፤ ግን ደግሞ እንደማንኛውም ልጅ ትጫወታለች፣ ጓደኞች አሏት። ልጆች የሚወዱት እንዲህ ያለ ሙሉ ሰው ነው።

«መጨረሻ ላይ ምክሩ ካልተነገረ አይገባቸውም»

የኛ ተረት የሚያልቀው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ ነው። ተራው የሰሚው ነው ማለት ነው። አሻንጉሊቱን ለልጁ አስረክቡትና እሱ ይተርት።

«ገንዘብና ባለሙያ ይፈልጋል»

የብሩክታዊት ጥጋቡ የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ያች ቀጭኔ፣ የካልሲ አሻንጉሊት ናት። አሮጌ ካልሲ፣ ሁለት ቁልፍ፣ መርፌና ክር ይበቃል። ዓይኑ ቢንጋደድም ልጆች ግድ የላቸውም።